«መርፌው ልጄን ቢወጋብኝስ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። 16 ሳምንትሽ ነው፣ የደም ምርመራው ለዳውን ሲንድረም ከፍ ያለ ዕድል አሳየ፣ ሐኪምሽ አምኒዮሴንቴሲስ (የእንሽርት ውሃን በመርፌ ቀድቶ መመርመር) ይሰራ አለች፣ አንቺ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የመርፌውን ርዝመት አይተሽ እንቅልፍ አጣሽ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። ሐኪሙ መርፌውን ሲያስገባ ፕሮቡን (ምስሉን የሚያነሳውን የአልትራሳውንዱን እጀታ) ሆድ ላይ የምይዘው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ።

ርዝመቱን እርሺው። የሚረዝመው ቆዳውን፣ ስቡንና የማህፀኑን ግድግዳ አልፎ የእንሽርት ውሃው ጋ መድረስ ስላለበት ነው። ውፍረቱ ክንድሽ ላይ ደም ሲቀዱሽ ከሚገባው ብዙም አይለይም።

ዋናው ነገር ጫፉ ነው። ፕሮቡ የሚያሳየን ሆድሽን በሙሉ ሳይሆን እንደ ወረቀት የሳሳ አንድ ንጣፍ ብቻ ነው። መርፌው በዚያ ንጣፍ ላይ ከሄደ ከቆዳሽ እስከ ጫፉ ነጭ መስመር ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ትንሽ ወደ ጎን ካለ ግን መስመሩ ይቆረጥና ነጥብ ብቻ ይቀራል። ያ ነጥብ ጫፉ ይሁን መሃሉ መለየት ያስቸግራል፤ አሳሳቹ እሱ ነው። ያኔ «ጠፋብኝ» እላለሁ፣ ሐኪሙም እጁን ያቆማል። ፕሮቡን በትንሹ አዘንብዬ ጫፉን ሳገኘው ይቀጥላል። ሌላ ብዙ አንነጋገርም። ዝም ስንል እንዳትደነግጪ፣ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

ከመወጋቱ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ፍለጋው ነው። የልጁ ፊት ወዴት ዞሯል? እንግዴ ልጁ የት ተለጥፏል? እትብቱስ? ከለር ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው) ሲከፈት እትብቱ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ እጅም እግርም የሌለበት፣ ውሃ የተጠራቀመበት ቦታ ይመረጣል። እንግዴ ልጁን መዞር ከተቻለ እንዞረዋለን። ልጁ ተገላብጦ እዚያው ቦታ ከመጣ እንጠብቃለን። ይመጣሉ ደግሞ፣ ቀጠሮ አያውቁም!

አንዳንድ ቦታ ፕሮቡ ላይ የሚገጠም መምሪያ አለ፤ መርፌው የሚሄድበት መንገድ ስክሪኑ ላይ በነጠብጣብ መስመር ይታያል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ግን ያለ እሱ መስራት ይመርጣሉ፤ ልጁ ሲንቀሳቀስ አቅጣጫ መቀየር ይቀላቸዋል።

ድሮ ሆድ ዳብሰው፣ ገምተው ነበር የሚወጉት። በፈረንጆች 1972 ኮፐንሃገን ውስጥ የነበሩ ባለሙያዎች በአልትራሳውንድ እየመሩ የመውጋት ዘዴ ካሳተሙ ወዲህ ነው ነገሩ እየተቀየረ የመጣው።

ሲገባ ጫን የሚል፣ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ስሜት አለው። የመጀመሪያው 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ይጣላል፣ የአንቺ ሴል ሊቀላቀልበት ስለሚችል። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ውሃ ይቀዳል፤ እሱ ይተካል። መጨረሻ ላይ የልጁን ልብ ምት እናያለን።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ልምድ ያለው ሰው ሲሰራው በዚሁ ሳቢያ ጽንስ የሚወርድባቸው ከ1000 እናቶች ከ1 እስከ 3 ቢሆኑ ነው። ልጁ ተወግቶ መጎዳቱ እጅግ ብርቅ ነው። እኛ ይበልጥ የምንፈራው የውሃ መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ ስለ መርፌው ርዝመት ከምትጠይቂ «በዓመት ስንት ትሰራላችሁ?» በያቸው። ይህን ብትጠይቂ ነውር የለውም።

የደምሽ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የሾተላይ መከላከያ መርፌ ያስፈልግሻል። አማርኛ ከቀለለሽ አስተርጓሚ ይመጣልሻል፣ አትከፍዪበትም። ባልሽን አስተርጓሚ አታድርጊው፣ እሱ ካንቺ በላይ ይፈራል። ቤት ከገባሽ በኋላ ውሃ ወይም ደም ከፈሰሰሽ፣ ወይም ካተኮሰሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።