የግቢውን ብረት ለቆራሌው በደፈናው ልስጠው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የአባትሽን ግቢ እያጸዳሽ ነው። አሮጌ ፍሪጅ፣ የመኪና ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሩቢኔት፣ የተነቀለ ቆርቆሮ ተከምሯል። ቆራሌው «ሁሉንም በአንድ ዋጋ ልውሰድልሽ» ብሎሻል። ልስጠው ወይስ ልለየው ነው ያልሽው። ለዪው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት ስገዛና ስሸጥ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቆራሌው አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ፀሐይና ዝናብ እየበላው ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሰው ነው። ግን እንጀራው ያለው መለየቱ ላይ ነው። አንቺ ያልለየሽውን እሱ ማታ ቁጭ ብሎ ይለየዋል። አንድ ኪሎ መዳብ ከአንድ ኪሎ ብረት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በደፈናው ሲገዛሽ ሁሉም በብረት ሂሳብ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ማግኔት ፈልጊ። ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ የወጣ ይበቃል። ማግኔት የሳበው ብረት ነው፣ ለብቻው አስቀምጪው። ሰው በብዛት የሚሸወደው ሩቢኔት ላይ ነው። ላዩ ስለሚያብለጨልጭ ተራ ብረት ይመስላል። ማግኔቱ ካልሳበው በማይታየው በኩል በሞረድ ጫር አድርጊው። ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፣ ጥሩ ዋጋ አለው። ግራጫ ከሆነ ርካሽ የዚንክ ቅይጥ ነው። ገመዱንም ጫፉን ቆርጠሽ እዪው። መዳብ መስሎ መሃሉ ነጭ የሆነ አለ፤ እሱ መዳብ የተለበሰ አሉሚኒየም ነው።

ገመዱን ግን እንዳታቃጥዪ! ሰፈር ውስጥ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ያየሽው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ፕላስቲኩ ሲነድ ዳይኦክሲንን ጨምሮ ክፉ መርዝ ይለቃል። የሚገርመው ደግሞ የተቃጠለ መዳብ ጠቁሮ ዋጋው ይወርዳል። ወፍራሙን በቢላ ላጪው፣ ቀጭኑን እንዳለ ሽጪው።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ውስጡ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከሰል ምድጃ ላይ በመጥበሻ የሚያቀልጥ አይጠፋም። ጭሱና አቧራው ልብስ ላይ፣ አፈር ላይ፣ የልጆች እጅ ላይ ይቀራል። የልጅ አእምሮን ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። አንዳንድ ገዢ «ውሃውን አፍስሺና እመዝነዋለሁ» ይላል። ውሃ አይደለም፣ እርሳስ ያለበት አሲድ ነው። እንዳታፈስሺው። ሳይከፈት፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ በፍሬ ተነጋግረሽ ሽጪው። እምቢ ካለ ሌላ ገዢ ፈልጊ።

ፍሪጁ ኋላ ያለው ሞተር ውስጥ የመዳብ ጥቅል አለ። ቧንቧውን ግን በመጋዝ እንዳይቆርጡት። የድሮ ፍሪጅ ጋዝ የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጋዙን በመሣሪያ የሚያወጣ የፍሪጅ ባለሙያ ካገኘሽ ጥሩ ነው።

ብረቱና ቆርቆሮው አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ካሉ ማቅለጫዎች ገብቶ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። የተዘጋ የጋዝ ሲሊንደር ወይም የእሳት ማጥፊያ ካለ ከክምሩ አውጪና ለገዢው ለይተሽ አሳዪው። እቶን ውስጥ እንደተዘጋ ከገባ ይፈነዳል፣ ሠራተኛ ይገድላል። አሉሚኒየሙን እንደገና ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ሁሌም ፈላጊ አለው። ከፊሉ ድስት ይሆናል። በግሌ ግን ከምን እንደቀለጠ በማይታወቅ ድስት የቲማቲም ስልስ አልሠራም። የሞተር ስብርባሪ ሁሉ ተደባልቆ ስለሚቀልጥ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አሲድ ያለው ምግብ ደግሞ ያወጣዋል።

«ጣጣ ከሚሆን ገንዳ ውስጥ ልጣለው» ላልሽው፣ ገንዳ የገባው የሚሄደው ረጲ፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ነው። ቤት ያልተለየውን እዚያ ሰው በእጁ ይለየዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ያለቀው ከዚያ ክምር ሥር ነው። ስለዚህ ገንዳውን እርሺው።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሁለት ሦስት ቆራሌ ጠይቂ፣ በየዓይነቱ የኪሎ ዋጋ ይንገሩሽ። ሚዛኑንም ፈትሺ። ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ስድስቱን አስመዝኚ። ከ12 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። 10 ካለሽ፣ «ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ በሩን ዝጊ።