ሐይቁን ዞረህ ተራራውን ከመውጣትህ በፊት የኋላ ጥርስህን ቁጠር

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ይህንን ነው፦ «የሺማኖ 105 ዕቃ የተገጠመለት ባለ 11 ማርሽ ኮርስ ብስክሌት አለኝ፣ የፊቱ ጥርስ 52 እና 36፣ የኋላው ከ11 እስከ 28። የግድቡን ሐይቅ 60 ኪሎ ሜትር ዞሬ ሰውነቴን ካሟሟቅኩ በኋላ ከጎኑ ያለውን ተራራ ልወጣ አስቤያለሁ። በየት በኩል ልጀምር?» እስካሁን የመጡልህ መልሶች «በርታ» እና «ጉልበት ካለህ ምን ችግር አለው» የሚሉ ናቸው። «በርታ» ደግሞ ዳገት ላይ አንድ ሜትር አይገፋህም። በቁጥር እንነጋገር።

1. ተራራውን አስቀድም፤ ሐይቁን ለኋላ ተወው። የግድብ ሐይቅ ዳር መንገድ ሜዳ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ግድብ ሲሠራ የድሮው የሸለቆ መንገድ ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ የሚቆረጠው ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባ ጅረት ባለበት ሁሉ መንገዱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ወርዶ ድልድይ ይሻገራል፣ መልሶ ይወጣል። አንዷ ዳገት 20 ወይም 30 ሜትር ብትሆን ነው። 25 ጊዜ ስትደጋገም ግን ከ500 እስከ 750 ሜትር ከፍታ ወጥተሃል ማለት ነው። የባሰው ነገር እነዚህን አጫጭር ዳገቶች ሰው ማርሽ ሳይቀንስ ከመቀመጫው ተነስቶ በጉልበት ስለሚያልፋቸው ነው፤ እግር የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ሐይቁ ይቅደም የሚሉ ሰዎች አንድ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፦ ነፋስ። ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፣ ከሰዓት በኋላም ይበረታል፤ ግድቡ አናት ላይ ደግሞ መከለያ የለም። እውነት ነው። ነገር ግን ነፋስ ሲበረታብህ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ጎንበስ ትላለህ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ትደርሳለህ። በደከመ እግር 10 በመቶ ዳገት ላይ የመጨረሻው ማርሽ ካለቀብህ ግን ያለህ ምርጫ ወርዶ መግፋት ብቻ ነው።

2. ማርሽ። የጥያቄህ ዋና መልስ እዚህ ነው፣ አንተ ግን አልጠየቅከውም። ከፊት 36 ከኋላ 28 ስትሆን አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር 2.7 ሜትር ያህል ይወስድሃል። በደቂቃ 60 ዙር ብትመታ በሰዓት ወደ 9.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንተ፣ ብስክሌቱና ውሃህ በአንድ ላይ 80 ኪሎ ከሆናችሁ፣ 8 በመቶ ዳገት ላይ ይህ 185 ዋት አካባቢ ይጠይቃል። ከኋላ 34 ካለህ በዚያው 60 ዙር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፣ የሚያስፈልግህም ወደ 150 ዋት ይወርዳል። የ35 ዋት ልዩነት ለአንድ ሰዓት መቆየትና በ15 ደቂቃ ውስጥ መቃጠል ሊሆን ይችላል። «ማርሹን ከምትቀይር እግርህን አሠልጥን» የሚልህ ሻጭ ይኖራል። እሱ ዳገቱን አብሮህ አይወጣም።

«አማካዩ 6 በመቶ ብቻ ነው» እንዳትለኝ። አማካይ ያታልላል። 10 ኪሎ ሜትር በ6 በመቶ 600 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትሩ ሜዳ፣ 5 ኪሎ ሜትሩ 6 በመቶ፣ 3 ኪሎ ሜትሩ 10 በመቶ ቢሆንም ድምሩ ያው 600 ነው። የምትዘጋጀው ለእነዚያ 3 ኪሎ ሜትሮች ነው። በካርታ መተግበሪያው ላይ መስመሩን በየ500 ሜትሩ ከፍለህ እይ። ድልድዩና ዋሻው ላይ የሚያሳይህን ድንገተኛ ገደል እርሳው፤ መተግበሪያው የሚያነበው የመሬቱን ከፍታ እንጂ የድልድዩን ወይም የዋሻውን መንገድ ከፍታ አይደለም።

እንግዲህ ከ11 እስከ 34 ያለው ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ልትገዛ ነው። ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው፤ ካሴቱን የሚሸጥልህ ሰው የኋላ ማርሽ መቀየሪያህን ዞር ብሎ ስለማያየው። አር7000 የሚባለው የ105 ሞዴል መቀየሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አጭር ክንድ ያለው (ኤስኤስ) ትልቁ የሚችለው ጥርስ 30 ሲሆን ጠቅላላ አቅሙ (የፊትና የኋላ የጥርስ ልዩነቶች ድምር) 35 ነው። ረጅም ክንድ ያለው (ጂኤስ) 34 ጥርስ ይችላል፣ አቅሙም 39 ነው። የአንተን አስላው፦ ከፊት 52 ሲቀነስ 36፣ 16፤ ከኋላ 34 ሲቀነስ 11፣ 23፤ ድምሩ 39። በጂኤስ ልክ ይገባል፣ በኤስኤስ አይገባም። «ትንሽ ብሎን ካጠበቅንለት ይሠራል» ይሉሃል። የጥገና ማቆሚያ ላይ ሲዞር ይሠራል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያርፍበት ነው የሚለየው።

ቀጥሎ ካቴናው። ለ28 የተቆረጠ ካቴና ለ34 ሊያጥር ይችላል። ደክሞህ ሳታስበው ከፊት 52 ላይ እያለህ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ብታስገባ ካቴናው ይወጠራል፣ መቀየሪያው የታሰረባት ትንሿ ብረት ትሰበራለች፣ መቀየሪያው ቸርኬው ሽቦ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ የምትከፍለው የካቴና ዋጋ አይደለም፤ የመቀየሪያ፣ የሽቦ፣ ዕድል ከጎደለህም የፍሬም ነው። ልኩ እንዲህ ይወሰዳል፦ ካቴናውን በመቀየሪያው ውስጥ ሳታሳልፍ ከፊት በትልቁ ከኋላም በትልቁ ጥርስ ላይ ጠቅልለው፤ ጫፎቹ ከሚገናኙበት ላይ ሁለት ማያያዣ (አንድ ጠባብ፣ አንድ ሰፊ) ጨምረህ ቁረጥ። ኤችጂ800 የሚባለውን 11-34 ከገዛህ ለባለ 11 የኮርስ ቸርኬ ከኋላው 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበቱ ከተረሳ ካሴቱ ምንም ብታጠብቀው ይወዛወዛል። በመጨረሻ ከኋላ ያለውን የርቀት ብሎን እያስተካከልክ፣ የመቀየሪያው የላይኛዋ ትንሽ ጥርስ 34ቱን እንዳትነካ አድርግ።

3. የግድቡ አናት። ሐይቅ «መዞር» የሚቻለው ግድቡ ላይ ካሳለፉህ ነው። ካርታው መስመር ያሳይሃል፤ መስመር መኖሩ በሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ግድብ ለእግረኛ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ በሰዓት ይዘጋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያሳልፍም። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ታዟል» ይልሃል፤ ማን እንዳዘዘና የት እንደተጻፈ ብትጠይቀው ፊቱን ያዞርብሃል። ከእሱ ጋር አትጨቃጨቅ። ከመሄድህ በፊት ለሚመለከተው ቢሮ ደውለህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ብስክሌት ያልፋል ወይ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድስ? የመለሰልህን ሰው ስም ያዝ። የሐይቁን ዙር ደግሞ ግድቡ በመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ እንዲወድቅ አድርገህ ጀምር። ከመለሱህ የምታጣው 20 ኪሎ ሜትር ነው። በ55ኛው ኪሎ ሜትር ከመለሱህ ግን ወይ 55ቱን ደግመህ ትነዳለህ፣ ወይ ከግድቡ በታች ያለውን የወንዝ ድልድይ ፍለጋ ወርደህ የወረድከውን ሁሉ እንደገና ትወጣለህ።

አቅጣጫውን በተመለከተ፦ መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ዙር፤ በግራ በሚነዳበት ተቃራኒውን። እንዲህ ስታደርግ በውሃው በኩል ትሆናለህ። ከተዳፋቱ የሚንከባለል ጠጠርና ድንገት ከጎን የሚገባ መኪና ከማዶ ይሆንልሃል።

ስለ ቁልቁለቱ ማንም አይጠይቅም። 80 ኪሎ ከ600 ሜትር ሲወርድ 470 ኪሎ ጁል ነው፤ ነፋሱ ያልወሰደው ሁሉ ፍሬንህ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ፍሬኑን ይዘህ አትንሸራተት። ከኩርባው በፊት ቀጥ ብለህ ሳለህ አጠር አድርገህ ጠንክረህ ያዝ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቅ። ካርቦን ቸርኬ ላይ የሚይዝ የጎን ፍሬን ካለህ ለዚህ ተራራ የአሉሚኒየሙን አድርግ፤ ካርቦን ሲግል ይለሰልሳል፣ የውስጥ ጎማም ሊፈነዳ ይችላል። የዲስክ ከሆነ የፍሬን ሸራውን ውፍረት ከመሄድህ በፊት እይ። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ላብህ ሳይደርቅ ስለምትወርድ የንፋስ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ያዝ። ጣት ከደነዘዘ ፍሬን አይጨበጥም።

አሁን ሱቅ ከመሄድህ በፊት የኋላ መቀየሪያህን ከውስጥ በኩል እየውና የተጻፈበትን ሞዴል እዚህ ጻፍልን፤ ኤስኤስ ነው ጂኤስ?