በኤሌክትሪክ መኪና ከጎንደር ወጥቶ መመለስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ጎንደሬዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሙያዬ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩም ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ የቻልኩትን ያህል እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ማታ ማታ ቤቴ ቻርጅ አደርጋለሁ። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ማዕከል ቢከፈት ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

ወንድም ዓለም፣ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ብቻ የምትነዳ ከሆነ ብዙም አያስፈልግህም። ችግሩ ከከተማ ስትወጣ ነው። ባለ 10 አምፔር የቤት ሶኬት የሚሰጥህ 2.2 ኪሎዋት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ልሙላ ብትል ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባለ 120 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ግን ያንኑ ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ቡና ጠጥተህ እስክትነሳ ማለት ነው።

ማዕከል የምንለው ደግሞ ብዙ ፈጣን ቻርጀር አንድ ቦታ ላይ ሲተከል ነው። አንድ ቻርጀር ብቻ ካለ፣ እሱም ከተበላሸ ወይ ሌላ ሰው ከያዘው፣ እዚያው ማደርህ ነው። ስድስት ካለ አንዱ ቢበላሽ ጉዞህ አይቆምም። እንግሊዝ አገር ብሬንትሪ በምትባል ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 36 መኪና በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። በርሚንግሃም ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ደግሞ 180 መኪና። ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ረጅም መንገድ የሚወጣው ስደርስ ቻርጅ አገኛለሁ ብሎ ሲተማመን ነው። ይሄ መተማመን ነው ለእኛም የሚያስፈልገን።

ጥያቄ (ከአውቶፓርኮ)፦ የሕዳሴው ግድብ አልቋል፣ መብራት ሞልቷል ይባላል። ታዲያ ለምን በየከተማው አይተከልም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪናው ቀደመ፣ መሠረተ ልማቱ ዘገየ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ በቴሌብር የሚከፈልበት ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፈተ። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ግን ኃይል ማመንጨትና ያንን ኃይል አዘዞ ዳር ድረስ ማምጣት ለየቅል ናቸው።

እስቲ በምጣድ እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ባለ 120 ኪሎዋት ቻርጀር ስድስት ብትተክል ድምሩ 720 ኪሎዋት ነው። 200 ቤት በአንድ ደቂቃ ምጣድ ጣደ ማለት ነው! የሰፈር ትራንስፎርመር ይሄን አይችለውም። ስለዚህ ማዕከሉ ከ15 ኪሎቮልት መስመር የራሱን ትራንስፎርመር ማስገባት አለበት። ወጪውም ጊዜውም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ማቅለያ ግን አለው። አንደኛ፣ ኃይሉን ለቆሙት መኪናዎች እያካፈለ የሚሰጥ ሲስተም መግጠም። ሁለተኛ፣ ሌሊት ቀስ ብሎ የሚሞላ ትልቅ ባትሪ ጣቢያው ውስጥ ማስቀመጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሁለተኛው በጣም ያስፈልጋል እላለሁ።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ መንገድ ላይ ባገኘሁት ሶኬት በኤክስቴንሽን ቻርጅ ባደርግስ?

እባክሽ እህቴ፣ በዲቫይደርም በቀጭን ኤክስቴንሽንም አታድርጊው። በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ሆቴል አደርኩና ዘበኛው ኤክስቴንሽን ጎትቶ ሰጠኝ፤ እኔም ደክሞኝ ስለነበር ሳላየው ሰካሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ወርጄ ሳይ ሶኬቱ ቀልጦ ከሰኪው ጋር ተጣብቋል፣ ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት አለ፣ ገመዱ በእጅ አይነካም። ብሬከሩን አወረድኩት። ግቢው ውስጥ ሕፃናት ተኝተው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል፣ ግን ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይስባል፣ ደካማ መገጣጠሚያ ካለ እዚያው ይግላል። ቤትሽ ስታስገጥሚ ለ16 አምፔር ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፣ ለ32 አምፔር ባለ 6 ሚሊ፣ ለብቻው ብሬከር፣ የመሬት ሽቦውም የግድ።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ ለሁሉም መኪና ይሆናል?

አይሆንም። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ቮልስዋገን ሆኖ ቻይና የተሠራም እንደዚያው ነው። ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ2 የሚባለውን ሌላ ዓይነት መሰኪያ ይጠቀማሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለጥምቀት በራሴ መኪና ጎንደር ልምጣ? ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ኑ እንጂ! መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ቦታ በደንብ መሙላት አለባችሁ፤ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ቢሆን ይመቻል። ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ሳታረጋግጡ ግን አትነሱ።

ዓባይ በረሃን በደንብ አስቡበት። ከጎሐ ጽዮን ስትወርዱ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ሰው የጫነ ሁለት ቶን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ከባትሪያችሁ አንድ አሥረኛ ያህሉ ማለት ነው፣ መደበኛው የመንገድ ፍጆታ ሳይቆጠር። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ መልሶ ቻርጅ ያደርጋል፣ የወጣው ሁሉ ግን አይመለስም። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ደግሞ መልሶ የሚያስገባበት ቦታ የለውም፣ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጎሐ ጽዮን ላይ መቶ በመቶ አትሙሉ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ በሲጋል (በትንሿ የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና) አራት ሆነን ደባርቅ ሄደን ያለ ቻርጅ እንመለሳለን?

ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓቷ ከሆነች አልመክርም። መሄጃው ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደባርቅም በከፍታ ከእኛ በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች። በእኔ ስሌት መሄጃው 15፣ መመለሻው 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የሚተርፈው ለዳገትና ለብርድ መጠባበቂያ አይሆንም። ባለ 38ቷ ትመልሳችኋለች።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ልጄ፣ አስፋልት ዳር ቦታ አለኝ። አንድ ቻርጀር ልትከል ብል ያዋጣኛል?

አያ፣ ቦታዎ ወርቅ ነው። የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ የሚገናኙት አዘዞ ላይ ነው፣ ኤርፖርቱም እዚያው ነው። ግን በአንድ አይጀምሩ። ሁለት ይተክሉና ለስድስት የሚበቃ ትራንስፎርመርና የገመድ ቦይ አሁኑኑ ያዘጋጁ፤ በኋላ አስፋልት መቆፈር ኪሳራ ነው። ሁለቱም ዓይነት መሰኪያ ይኑር። ጥላ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ሌሊት መብራትና ጥበቃ አይጓደል፤ እናቶች ከሕፃን ጋር ግማሽ ሰዓት የሚቀመጡበት ቦታ ነውና። ከሁሉ በፊት ግን መብራት ኃይል ሄደው መስመሩ ምን ያህል እንደሚሸከም ይጠይቁ። ቅዳሜ ከሰዓት አዘዞ ስለምመጣ፣ ከፈቀዱ ቦታውን አብረን እናየዋለን፤ ሜትር ይዤ እመጣለሁ።