ስም የምታወጣው አክስት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ጉጃራቲ ሕንዳዊ ነኝ፤ አያቴ በጨርቅ ንግድ መጥተው እዚያው ቀሩ። አሁን ከባለቤቴ ጋር እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር እንኖራለን። ሴት ልጅ ከወለድን ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነን። እርስዎ ሕንድ አገር ስለተማሩ እንደሚያውቁት፣ በእኛ ወግ ስም የምታወጣው የአባት እህት ናት። ሕንድ፣ ራጅኮት ከተማ ያለችው ታላቅ እህቴ ኮከብ አስቆጥራ፣ ልጅቷ የቀስት ኮከብ ስለሆነች ስሟ በ«ብህ»፣ በ«ድህ» ወይም በ«ፍ» መጀመር አለበት አለች፤ «ብሁሚ» ብላም ወሰነች። ባለቤቴ ግን ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መቀመጫችንን የሚጠሩበት ቃል ይታይበታል፣ ትምህርት ቤት ያሾፉባታል ብላ «ማያ» ትባልልኝ ትላለች። እህቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ደግሞስ እንደ ወጋችን የእኔ ስም ከልጅቷ ስም ቀጥሎ ቢገባ፣ የወንድ ስም ተሸክማ ትቸገር ይሆን?
ሁለት ሴቶች መካከል የቆመ አባት

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! የድሬዳዋ ልጅ ነህና ምርቃቱ አይገርምህም።

እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብለን ኃላፊነቱን ወደ ላይ እንገፋዋለን። የእናንተ መልአክ ራጅኮት ተቀምጣ ስልክ አታነሳም። ቢሆንም በእሷ ልፈርድ አልችልም፤ ምክንያቱም ሕንድ፣ ቫዶዳራ ተማሪ ሳለሁ፣ በተከራየሁበት ቤት ለሕፃን ስም ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አራት የጎረቤት ልጆች የቀይ ሳሪ አራት ጫፍ ይዘው ሕፃኑን መሃል አስተኝተው ያወዛውዙታል፤ አጠገቡ የፒፓል ዛፍ ቅጠል አለ። አክስትየው ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራ፣ ትንሽዬ ሸሚዝና ቆብ በላስቲክ ይዛ ደርሳለች። ልጆቹ ስለ ቅጠሉና ስለ አክስቲቱ የሚያወሳውን ግጥም እየደጋገሙ፣ ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ እሷን አየ። ጎንበስ ብላ በጆሮው ተናገረች፤ እናትየው ራሷ ስሙን የሰማችው ከእኛ ጋር ነው። ለዚያች ቅጽበት ስትል እህትህ ምናልባት ስንት ዓመት ጠብቃለች። እናንተ ደግሞ ያለቀለት ስም ይዛችሁ ጠበቃችኋት።

ስለ ኮከቡ ትንሽ ልበል። የእኛ ደብተራ ስምን ከእናት ስም ጋር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ ኮከብ ያወጣል፤ «ቀውስ» የሚለው የእናንተው ቀስት ነው። እናንተ ዘንድ መንገዱ ግልባጭ ነው፦ መጀመሪያ ኮከቡ ይታወቃል፣ ፊደሉ ከእሱ ይመጣል። መነሻው ልጅቷ ስትወለድ ጨረቃ የነበረችበት ቤት ነው። ጨረቃ በአንድ ቤት የምትቆየው ሁለት ቀን ከሩብ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ልደቱ ከጠርዙ አጠገብ ከዋለ የጥቂት ሰዓት ስህተት ፊደሉን ይለውጠዋል። ሕንድ እንደ ወቅቱ እንግሊዝን በ4 ሰዓት ተኩል ወይም በ5 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ቆጣሪው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሠራ ጠይቅ።

ባለቤትህም አልተሳሳተችም፤ የፈራችው ነገር አለ። የ«ብህ»ን ትንፋሽ የውጭ አፍ አይችለውም። እኔ ራሴ አትክልት ሻጩን «ወንድሜ» ለማለት «ብሃይ» ማለት ሲገባኝ «ባይ» እያልኩ፣ ሙሉ ሴሚስተር ሴትዮ ስለው ኖሬያለሁ፤ ሰውዬው ጨዋ ስለነበረ ድንቹን አልቀነሰብኝም። የሌስተር አስተማሪዎች ግን ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 እስያውያንን ከኡጋንዳ አባርሮ ብዙዎቹ ሌስተር ከሰፈሩ ወዲህ የጉጃራቲ ስም ሲጠሩ ነው የኖሩት። ስለዚህ አጠራሩ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የፊደሉ አጻጻፍ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘ አይለቅም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ብሁሚ ማለት ምድር ነው። «ድሃራ»ም ምድር ነው፤ እህትህ ከቆጠረቻቸው ፊደሎች በአንዱ ይጀምራል። እንግሊዞቹ ትንፋሹን ውጠው «ዳራ» ይሉታል፤ የሚያሾፉበትም አይታየኝም። ይህን ለእህትህ እንደ ውሳኔ አትንገራት። «ምድርነቱ ይቆይልን፣ ግን ሌላ ስም አለው ወይ?» ብለህ ጠይቃት። ራሷ ታመጣዋለች፤ ካላመጣች ባለቤትህ ቀስ ብላ ታስታውሳት። ከራስህ አፍ ግን አይውጣ።

ማያን የቤት ስም አድርጓት። በሳንስክሪት ትርጉሙ ብዥታ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማያ የሚያዩበት ነገር ነው፤ የድሬዳዋ አያት ላላት ልጅ ሁለቱም ይሁንላት። እኔም የክርስትና ስሜን የሚጠራው የነፍስ አባቴ ብቻ ነው፤ ሁለት ስም ይዤ እስካሁን አልጠፋሁም።

የአንተን ስም አስገባው። እንግሊዞች ለአባት ስም የተለየ ቦታ የላቸውም፤ ከቤተሰብ ስም በፊት ያለውን ሁሉ የልጅቷ ስም አድርገው ይይዙታል። አንዳንድ ክሊኒክ በአንተ ስም ይጠሯት ይሆናል፤ ይጥሯት። እኔ ቫዶዳራ በአባቴ ስም «ወይዘሪት» እየተባልኩ ተመርቄያለሁ።

በእንግሊዝ ልደት በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ግማሹ ሄዷል። ከተመዘገበ በኋላም ስሙን በ12 ወር ውስጥ ማስለወጥ ይቻላል፤ ያም ሆኖ የልጅቷን ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ነገሩን ጨርሱ። ዛሬ ማታ ለእህትህ የምትጽፍላት መልእክት ስለ ስሙ አንድም ቃል አይኑረው፤ ሳሪውን የሚይዙ አራት ልጆች እንዳገኘህና ስልኩን በሕፃኗ ጆሮ ሥር እንደምታስቀምጥ ብቻ ንገራት። የልደቱንም ሰዓት እንደገና ጻፍላት፤ የድሬዳዋ ልጅ ነህና በሐበሻ አቆጣጠር ነግረሃት እንዳይሆን።