እናቴን «መቅኔዋ ይታይ» አሏት፤ የደም ካንሰር ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልህ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 12 ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ትንሽ ስትራመድ ይደክማታል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ እግሯን ያቃጥላታል። ደም ማነስ ነው ተብላ ሁለት ወር የብረት ኪኒን ወሰደች። ቀይ ሥርም በየቀኑ እየጨመቅን አጠጣናት። ለውጥ የለም። ባለፈው ሳምንት ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ስትመረመር ሄሞግሎቢን 7.4፣ ነጭ የደም ሴል 3,100፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 98,000፣ ኤምሲቪ 119 ወጣ። ሐኪሙ «ሦስቱም ቀንሰዋል፤ የደም ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ሐረር ሄዳ መቅኔዋ ይታይ» አለን። ጎረቤት ደግሞ «መርፌ ከነካው ይሰራጫል፣ ሽባም ያደርጋል» እያለ አስፈራራት። የሚገርመው የሦስት ወር ስኳሯ 8.6 ነው፤ ቤት ስንለካት ግን ጠዋት ጠዋት ከ130 አያልፍም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ «አንተ» ብለሽ ስትጀምሪ የድሬ ልጅ መሆንሽን አወቅኩ። እኔም «አንቺ» እልሻለሁ።

ከላክሽልኝ ቁጥሮች መካከል ማንም ልብ ያላለው አንድ አለ፤ ኤምሲቪ 119። ሄሞግሎቢን ደሙ ምን ያህል እንዳነሰ ይነግርሻል። ኤምሲቪ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቹ በአማካይ ምን ያህል ትልቅ እንደሆኑ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ከ80 እስከ 100 ይሆናል። በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ሴሎቹን ያሳንሳቸዋል። የእናትሽ ግን ተነፍተዋል። ሁለት ወር የዋጠችው ብረት የሌላ ሰው መድኃኒት እንደማለት ነው። ቀይ ሥሩም ክፋት የለውም፤ ግን የጎደለውን አይሞላም።

ሴል እንዲህ ሲተልቅ ቶሎ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። እናትሽ ላይ ደግሞ ብዙው ነገር ወደዚያ ይጠቁማል። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እናትሽ ጿሚ ከሆነች (አልጻፍሽልኝም፣ ግን ብዙዎቹ እናቶቻችን ናቸው) ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እነዚህን አትቀምስም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም። የእግሯ ማቃጠልም አለ። «የስኳሩ ነው» ብላችሁ ትታችሁት ይሆናል፤ ሊሆንም ይችላል። ቢ12 ሲያጥርም ግን ነርቭ እንደዚያው ይጎዳል። እስቲ ምላሷን አውጪ በያት። ልሙጥና ቀይ ከሆነ፣ በርበሬ ሲነካውም ካቃጠላት፣ ለሐኪሙ ንገሪው።

ሦስቱም አንድ ላይ ለምን ቀነሱ? ቀዩም ነጩም ፕላትሌቱም የሚመረተው መቅኔ ውስጥ ነው። ቢ12 ከሌለ እዚያ ያሉት ሴሎች መከፋፈል ያቅታቸዋል። ከባድ የቢ12 እጥረት የደም ካንሰር መስሎ ሐኪም የሚያደናግረው ለዚህ ነው። በመርፌ የሚድን በሽታ!

ሐኪማችሁ ግን አልተሳሳተም። ሦስቱ ሲቀንሱ ካንሰርን ማሰብ ግዴታው ነው። ድሬ ላይ ደግሞ የራሳችን ተጠርጣሪዎች አሉን። ወባ ፕላትሌት ያወርዳል። በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ነጩንም ፕላትሌቱንም ያወርዳል፤ በ2006 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ፕላትሌት የሚለውን ቃል ስንቱ ሰው ያኔ ተማረ! ደንጊ ግን በቀናት ያልፋል፤ ለወራት ያደከመ ነገር ሌላ ምክንያት አለው።

እኔ ብሆን ከመቅኔው በፊት የደም ስሚር እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ላይ «ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ትቀባለች፣ ትደርቃለች፣ ቀለም ትነከራለች፣ ከዚያ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ያያታል። ወባ ስትመረመሪ ደምሽ የሚቀባበት ዓይነት መስታወት ነው። ማሽን ይቆጥራል፣ ይለካል፤ የሴሉን መልክ አይቶ የሚፈርደው ግን ሰው ነው። ቢ12 ያጠረው ደም ላይ ቀዮቹ ሴሎች ትልልቅና እንቁላል መሳይ ናቸው። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል አስኳሉ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ክፍል አለው፤ እዚህ ግን 6፣ 7 ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰቡ የምሥራች ይዤ እወጣለሁና። ብላስት የሚባሉ ያልበሰሉ ሴሎች ከታዩ ግን ሌላ ነው። ያኔ ወሬ አያስፈልግም፣ መቅኔው በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ናሙናው እንዴት እንደተያዘም ጠይቂ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ግንቦት ነበር፣ የድሬን ግንቦት ታውቂዋለሽ። ጠዋት የተቀዳ ደም በባለ ሐምራዊ ክዳኑ ቱቦ ሆኖ ባጃጅ ውስጥ ሲዞር ውሎ ላብራቶሪ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ፕላትሌት 40,000 ብሎ መጣ። እኔም ሰውየውን በደንብ አስደነገጥኩት። በማግስቱ እንደገና ቀድተን ወዲያው ስናየው ፕላትሌቱ ደህና ነው፤ የመጀመሪያውን ደም መስታወት ላይ ስናየው ግን ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው ጉብ ጉብ ብለዋል። ማሽኑ ያን ጉብታ ፕላትሌት ብሎ አልቆጠረውም። ሰውየው ምንም አልነበረበትም። ስለዚህ ስሚሩ ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሠራ።

ከስሚሩ ጋር ቢ12፣ ፎሌት (ፎሊክ አሲድ የሚባለው ሌላው ቫይታሚን) እና ሬቲኩሎሳይት ይታዩላት። ሬቲኩሎሳይት ማለት ከመቅኔ ገና የወጣ ጨቅላ ቀይ ሴል ነው። አደራ፣ ለቢ12 ደም ሳይቀዳ ፋርማሲ ጎራ ብላችሁ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ እንዳታስወጓት፤ ውጤቱ ይበላሻል። ፎሊክ አሲድ ብቻውንም አትጀምር። ደሙን ከፍ ያደርገውና ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል። ሜትፎርሚኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ። እጥረቱ ቢ12 ሆኖ መርፌው ከተጀመረ ሬቲኩሎሳይቱ በሳምንት ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ የምግብ ፍላጎቷም ይመለሳል። ሄሞግሎቢኑ ለመስተካከል ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። ሬቲኩሎሳይቱ በሳምንቱ ንቅንቅ ካላለ መቅኔው መታየቱ አይቀርም። የቢ12 ውጤቱ ደህና ከሆነ ወይም ስሚሩ አጠራጣሪ ከሆነም አይቀርም።

አሁን ወደ ጎረቤት ወሬ። መቅኔ የሚወሰደው ከጀርባ በኩል ካለው የዳሌ አጥንት ነው። አከርካሪ አይነካም፤ ሽባነቱን ከየት አመጡት? ቆዳውና አጥንቱ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል። መቅኔው በሲሪንጅ ሲሳብ ለጥቂት ሰከንድ ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም አለ፤ እሱን አልዋሽሽም። ሁሉም ነገር ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መሰራጨቱንም አስቢው፤ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ቢሆን ድሮውንም ከደም ጋር መላ ሰውነቷን እየዞረ ነው። መርፌው ወዴት ይወስደዋል? ይህ ወሬ የሚወለደው፣ እኔ እንደማየው፣ እንዲህ ነው፦ ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ በመርፌ ይመረመራል፣ ከወር በኋላ ይሞታል። ሐዘንተኛው በሽታውን ትቶ መርፌውን ይከሳል።

የስኳሩ ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሦስት ወር ስኳር ምርመራ የሚለካው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። አዲስ ሴል በደንብ ካልተመረተ ደሟ ውስጥ ያሉት ያረጁት ይሆናሉ፤ እነሱ ደግሞ ስኳር ሲጣበቅባቸው የከረሙ ናቸው። ስለዚህ 8.6 ከእውነቱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቁጥር ብቻ መድኃኒት እንዳይጨመርባት። ከምግብ በኋላም በሁለት ሰዓት እየለካችሁ መዝግቡ፤ የጠዋቱ ብቻ አይበቃም። ደም ከተሰጣት ደግሞ ምርመራው ለጊዜው ዋጋ የለውም፤ የሌላ ሰው ሄሞግሎቢን ነው የምትለኩት።

ደረቷን ካመማት፣ ተቀምጣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ድዷ ከደማ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ሐረር የምትወጡ ከሆነ የድሮ የደም ውጤቶቿን ሁሉ ፈልገሽ ያዢ። ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት ኤምሲቪዋ ስንት እንደነበር ማየት ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ለመቅኔው ምርመራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። የስኳር ሕመምተኛ ናትና ቁርሷን በልታ፣ ነጠላዋን ደርባ ትውጣ፤ እዚያ ላይ ጠዋት ይበርዳል።