ከጠቅላላ ሐኪም መዝገብ የመድኃኒትን ጉዳት ማወቅ፦ ጥያቄና መልስ

መዝገብ አገላባጭ፦ የቀጠርኳችሁ የጥያቄና መልስ ጊዜ ይኸውና። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ በጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ የሚጠራቀመውን የታካሚ መዝገብ እያገላበጡ መድኃኒቶች ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ የሚያደርሱትን ጉዳት ማጥናት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ራሳችሁ መድኃኒት ግን አትጠይቁኝ፤ እዚህ ባነበበው ነገር ተነሥቶ ማንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ይህን ደጋግሜ እንደምለው ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ መድኃኒት ፈቃድ የሚያገኘው በሰው ላይ ተሞክሮ ነው። ከዚያ በኋላ መዝገብ ማገላበጥ ምን ይጨምራል?

መዝገብ አገላባጭ፦ የሚሞከረው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ነው። በ3,000 ሰዎች ላይ ተሞክሮ አንድ ጉዳት ፈጽሞ ባይታይ እንኳ፣ ጉዳቱ ከ1,000 ሰው በአንዱ ላይ ሊደርስ የሚችልበት ዕድል ገና አልተዘጋም። መድኃኒቱን 10 ሚሊዮን ሰው ሲወስደው ይህ 10,000 ሰው ማለት ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ በዕድሜ የገፉ፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ አምስት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ወደ ሙከራው አይገቡም፤ ቢገቡም ጥቂት ናቸው። በኋላ መድኃኒቱን በብዛት የሚወስዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነሱው ናቸው።

ብሪታንያ በዚህ ሥራ የቀደመችው ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሁሉ በአንድ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ስለሚመዘገብ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ቢወጣ እንኳ ደብዳቤው ወደዚያው ሐኪም ስለሚመለስ ነው። ሲፒአርዲ የሚባለው የመረጃ ቋት መነሻው 1987 ነው፤ የቀድሞ ታካሚዎችን ጨምሮ ከ60 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ይዟል።

ፋርማሲስቷ፦ መዝገቡ መድኃኒቱ መታዘዙን እንጂ መወሰዱን አያሳይም። ይህን እንዴት ያልፉታል?

መዝገብ አገላባጭ፦ አናልፈውም፤ ተሸክመነው እንሄዳለን። መዝገቡ ውስጥ የምናየው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦ «አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም፤ በቀን 3 ጊዜ፤ 21 እንክብል»። 21ን ለ3 ስናካፍል 7 ቀን ይመጣል፤ ታካሚው ለ7 ቀን መድኃኒቱ ውስጥ ነበር እንላለን። በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ከተወው አናውቅም። ከዚህ የሚብሰው «እንደታዘዘው ይወሰድ» የሚለው ነው። 100 እንክብል እንደታዘዘው ሲወሰድ ስንት ቀን ይፈጃል? እዚህ ላይ ተመራማሪው ግምት ያስገባል፤ ግምቱን በጽሑፉ ውስጥ ካላሰፈረ ጥናቱን ወደ ጎን አድርጉት።

ያለ ማዘዣ የሚገዛው ኢቡፕሮፌንና አስፒሪን ደግሞ አብዛኛው አይመዘገብም፤ ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ የሚሰጠውም እንዲሁ። በሌላ በኩል፣ በየወሩ ለሁለት ዓመት ማዘዣ የተደገመለት ሰው አንዱንም አልዋጠም ብሎ መከራከር ይከብዳል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ለሚወሰዱ መድኃኒቶች መዝገቡን የበለጠ አምነዋለሁ።

ሰላም ለሁሉም፦ ስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መዝገብ አገላባጭ፦ ለማን? ለምን? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ጥያቄውን አስተካክለው ይመለሱ።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ሕመም መድኃኒት የካንሰርን ስጋት በብዙ ይቀንሳል የሚሉ የመዝገብ ጥናቶች አንብቤ ነበር። ይታመናሉ?

መዝገብ አገላባጭ፦ እሰይ፣ ይህንን ነበር የምጠብቀው። እኔ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ቆጠራው ከየትኛው ቀን እንደተጀመረ ነው፤ መደምደሚያው ይደርሳል። አንድ ሰው የስኳር ሕመም እንዳለበት ዛሬ ታወቀ እንበል። ሜትፎርሚን የታዘዘለት ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ 2 ዓመት ቆይቶ ካንሰር ያዘው። አጥኚው ሰውየውን «ተጠቃሚ» በሚለው ጎራ አስገብቶ 5ቱንም ዓመት ከቆጠረለት፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ለመድኃኒቱ በነጻ የተሰጠ ምርቃት ናቸው። በነዚያ ዓመታት ሰውየው ቢሞት ወይም ካንሰር ቢይዘው ኖሮ፣ መድኃኒቱ ገና ስላልታዘዘለት ከማይወስዱት ጋር ይቆጠር ነበር። «የማይሞት ጊዜ» የምንለው ይህ ነው። የጡረታ አበል የሚቀበሉ ሰዎች ከማይቀበሉት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረው ይሞታሉ፤ እንግዲህ አበሉ ዕድሜ ያረዝማል እንበል?

በ2012 ሁለት ካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስለ ሜትፎርሚንና ካንሰር የወጡትን ጥናቶች አንድ በአንድ መረመሩ። ትልቅ ጥቅም ያሳዩት ይህን የመሰለ የጊዜ ስሕተት የነበረባቸው ሆኑ፤ ከስሕተቱ በራቁት ውስጥ ጥቅሙ አልታየም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ስንፍና ነው የሚያስቸግረው። መድኃኒቱን አዲስ የጀመሩትን ብቻ ውሰድ፤ ምንም ከማይወስዱ ሰዎች ጋር ሳይሆን ለዚያው ሕመም ሌላ መድኃኒት ከጀመሩት ጋር አነጻጽራቸው፤ ለሁለቱም ጎራ ቆጠራውን ከመጀመሪያው ማዘዣ ቀን አስጀምር። ሜትፎርሚን የምትወስዱ ግን፣ የታዘዘላችሁ ለስኳር ነው፤ እንዳታቋርጡ።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም አይደለም? በዕጣ የተመደበ ሙከራ ካልሆነ ምንም አልቀበልም። የሆርሞን መተኪያ መድኃኒት የሴቶችን ልብ ይጠብቃል ሲባል ኖሮ በ2002 ትልቁ የአሜሪካ ሙከራ ያን ውድቅ አደረገው።

የቁጥር ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ ያወቅነው ሰዎችን በዕጣ ከፍለን አንዱን አጭስ፣ ሌላውን አታጭስ ብለን ነው?

ተጠራጣሪው፦ የሲጋራው ጉዳት እኮ ግዙፍ ነው። እናንተ የምትከራከሩት ስለ 1.2 እና 1.3 እጥፍ ስጋት ነው።

የቁጥር ወዳጅ፦ 1.3 እጥፍ በሚሊዮኖች ላይ ሲባዛ ትንሽ ነው?

ተጠራጣሪው፦ ትንሽ አላልኩም፤ ከስሕተት መለየት አይቻልም ነው ያልኩት።

መዝገብ አገላባጭ፦ ሁለታችሁም ገላጋይ ያሻችኋል። ተጠራጣሪው ስለ 1.3 ያለው እውነት ነው። የሆርሞኑን ታሪክ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። ሆርሞኑ ልብ ይጠብቃል ያስባለው በዕጣ ሳይመድብ ሴቶችን ዝም ብሎ የተከታተለ የምልከታ ጥናት ነበር፤ በ2008 የዚያው ጥናት መረጃ እንደገና ተሠራ፤ ሴቶቹ መድኃኒቱን ከጀመሩበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ውጤቱ ወደ ሙከራው ውጤት በጣም ተጠጋ። ችግሩ የነበረው ቀድሞ የጀመሩትንና ሳይጎዱ የዘለቁትን ከአዲሶቹ ጋር መደባለቁ ላይ ነው። እንደገና የመነሻ ቀን! ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

እናት፦ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውስ?

መዝገብ አገላባጭ፦ አያመጣም። ወሬውን ያስነሣው የ1998 ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዟል። በ2004 ከብሪታንያ የጠቅላላ ሐኪሞች መዝገብ ኦቲዝምና መሰል የእድገት መታወክ ያለባቸው 1,294 ታካሚዎች ከሌሎች 4,469 ጋር ተነጻጸሩ። ከሕመሙ መታወቅ በፊት ተከትበው የነበሩት ከሕሙማኑ 78.1 በመቶ፣ ከሌሎቹ 82.1 በመቶ ነበሩ። ያስከትቡ።

ፋርማሲስቷ፦ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው ባይስፎስፎኔት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል፣ አያመጣም የሚሉ ሁለት ጥናቶች ከአንድ ቋት ወጡ የሚባለው እውነት ነው?

መዝገብ አገላባጭ፦ እውነት ነው፤ የወር ያህል ልዩነት እንኳ አልነበራቸውም። ሁለቱም በ2010፣ ሁለቱም ያኔ ጂፒአርዲ ይባል ከነበረው ከሲፒአርዲ ቋት። የመጀመሪያው 41,826 ተጠቃሚዎችን ከተመሳሳይ ቁጥር ሰዎች ጋር ለ4.5 ዓመት ገደማ ተከታትሎ የጨመረ ስጋት አላየም። ሁለተኛው በምግብ ቧንቧ ካንሰር ከተያዙት 2,954 ሰዎች ተነሥቶ ወደ ኋላ ማዘዣቸውን አየ፤ ክትትሉም ወደ 7.5 ዓመት የሚጠጋ ነበር። 1.3 እጥፍ ስጋት አገኘ፤ ብዙ ጊዜ በታዘዘላቸው ላይ ደግሞ ከፍ ያለ።

ማን ዋሸ? ማንም። ጥያቄዎቻቸው የተለያዩ ነበሩ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር በ4 ዓመት ላይታይ ይችላል። በሌላ በኩል መድኃኒቱ የምግብ ቧንቧን የሚያስቆጣ ስለሆነ ሰዎቹ ቶሎ ይመረመሩና ካንሰሩ ቀድሞ ይገኝባቸው ይሆናል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት «ከቋቱ እንደተገኘው» የሚል ሐረግ ብቻውን ምንም ማስረጃ አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው ጥናት ትክክል ቢሆን እንኳ፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ለ5 ዓመት ሲወስደው ስጋቱ ከ1,000 ሰው ከ1 ወደ 2 ቢወጣ ነው። የዳሌ ስብራት ግን በዚያ ዕድሜ ቀልድ አይደለም። አታቋርጡ!

የሕግ ሰው፦ ከመዝገቡ ላይ የታካሚው ስም ስለተሰረዘ ብቻ ምስጢር ተጠበቀ ይባላል? የልደት ዓመት፣ ጾታና አንድ ብርቅ በሽታ ካወቅሁ ሰውየውን አገኘዋለሁ።

መዝገብ አገላባጭ፦ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የእኔ ሙያ ግን አይደለም።

የቁጥር ወዳጅ፦ እንግሊዝ የታካሚዎችን መዝገብ በአንድ ቦታ ለማሰባሰብ ያወጣችውን ኬር ዶት ዳታ የተባለውን ዕቅድ በ2016 የተወችው ሕዝቡ ስላላመነ ነው።

የሕግ ሰው፦ በ2021ም ሌላ ዕቅድ ሲመጣ ከሚሊዮን በላይ ሰው መዝገቤን አትንኩ ብሎ ወጣ።

ተጠራጣሪው፦ የወጡት ሰዎች ደግሞ ከቀሩት ይለያሉ፤ ጥናቱ ተዛባ።

መዝገብ አገላባጭ፦ ይህ ክርክር ለብቻው ይከፈትለት። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ኦፕንሴፍሊ የተባለው የመዝገብ ማጥኛ ሥርዓት በ2020 ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን መዝገብ ሲያጠና መረጃው ካለበት አልወጣም፤ ተመራማሪዎቹ የስሌት ኮዳቸውን ወደ መረጃው ላኩ፤ የወጣው ድምር ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

ሰላም ለሁሉም፦ ኦሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ አሲድ መቀነሻ የሳንባ ምች ያመጣል ይባላል፤ ላቁም?

መዝገብ አገላባጭ፦ «ላቁም» የሚል ጥያቄ እንደማልመልስ ስንት ጊዜ ልናገር? ሐኪምዎን ይጠይቁ። ስለ ጥናቱ ከሆነ፣ ስጋቱ ጎልቶ የታየው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ይህ ያጠራጥራል። ሳንባው መታመም የጀመረ ሰው ደረቱን ያቃጥለዋል፣ ያስለዋል፤ ሐኪሙ ጨጓራ መስሎት ኦሜፕራዞል ያዝዛል፤ በሳምንቱ የሳንባ ምች መሆኑ ይታወቃል። እንዲህ ከሆነ በሽታው መድኃኒቱን አመጣው እንጂ መድኃኒቱ በሽታውን አላመጣም።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ የልብ ሕመምን ስጋት የሚያሰሉት ቀመሮችስ?

መዝገብ አገላባጭ፦ እነሱ መተንበያ ናቸው፤ ምክንያት አይነግሩም። ከነሱ አንዱ የሆነው የብሪታንያው ኪውሪስክ 3 በ2017 የወጣ ሲሆን የሚቀጥለውን 10 ዓመት ስጋት ከ25 እስከ 84 ዓመት ላሉ ያሰላል። ከደም ግፊትና ከሲጋራ ሌላ ማይግሬንንና የመኖሪያ አካባቢን የድህነት መጠን ያስገባል። ወደ ሀብታም ሰፈር ብትዛወር ቁጥሩ ይወርዳል፤ ደም ሥርህ ግን ያው ነው።

ሰላም ለሁሉም፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልስ የደም መርጋትን በእጥፍ ይጨምራል?

መዝገብ አገላባጭ፦ የየትኛው እጥፍ? በ1995 ብሪታንያ ውስጥ ይህቺው «እጥፍ» ስለ አዲስ ዓይነት እንክብሎች ተነግራ ብዙ ሴቶችን አስደንግጣ እንክብላቸውን አስጣለች፤ በዓመቱ ጽንስ ማቋረጥ ጨመረ። በ1990ዎቹ የተነገረው ቁጥር በዓመት ከ100,000 ሴቶች ለቀድሞው ዓይነት 15፣ ለአዲሱ 25፣ ለእርግዝና ግን 60 ነበር። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ከዚያ እጥፉን ጠይቁ። አታቋርጡም ብያለሁ።

ኮድ ጸሐፊው፦ የአስም ሕሙማንን ከቋት ለማውጣት «አስም» የሚለውን ቃል ብፈልግ ይበቃል?

መዝገብ አገላባጭ፦ አይበቃም። «በቤተሰብ የአስም ታሪክ»፣ «አስም ተጠርጥሮ ያልተገኘበት»፣ «ለአስም ክትትል ሳይመጣ ቀረ» የሚሉትን ሁሉ ጠራርገህ ታወጣለህ። ሐኪሞች ሕመሙን የሚመዘግቡባቸውን የምርመራ ኮዶች ዝርዝር አንድ በአንድ አንብብ፤ ሁለት ሐኪሞች ተለያይተው ይለዩልህ፤ ያልተስማሙበትን ይወያዩበት። ቀጥሎ በዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት የሚነፋ መድኃኒት ማዘዣ ያላቸውን ብቻ ይዘህ ውጤቱ ይቀየር እንደሆነ ሞክር። ብሪታንያ ላይ ከሠራህ 2004ን ልብ በል፤ በዚያ ዓመት ሐኪሞች ለጥሩ ምዝገባና ክትትል ጭማሪ ክፍያ ስለተጀመረላቸው አንዳንድ ኮዶች በድንገት ይበዛሉ። የበዛው ምዝገባው ነው። ዝርዝርህን ከጽሑፉ ጋር አውጣው፤ ሌላው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር።