«ከነሱ ጋር ምን አገናኘን?» ለምትሉ

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበላችሁ። በጃንዋሪ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሲመጣ «እኛ ሐበሻ ነን፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ዛሬም አይጠፋም። ልጆች ፊት ሲባል ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

እስከ 1965 ድረስ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) የኢሚግሬሽን ሕጉ ኮታ የሚሰጠው በትውልድ አገር ነበር። አብዛኛው የአውሮፓውያን ሲሆን ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነው። ያ ሥርዓት የተሻረው ጥቁሮች እንዳይመርጡ መከልከልን ያገደው የምርጫ መብት ሕግ በወጣ በሁለት ወሩ ነው። ጥቁሮቹ መድልዎን ባያሳፍሩት ኖሮ በቀላሉ የሚሻር አልነበረም። ዛሬ እናቱን ወይም ወንድሙን በፕሮሰስ ያመጣ ሁሉ ይህን ይወቅ።

በተለይ ባለታክሲዎቻችን የሞንትጎመሪን፣ የአላባማዋን ከተማ፣ ታሪክ እወቁልኝ። በዲሴምበር 1955 ሮዛ ፓርክስ የምትባል ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበር አልለቅም ብላ ታሰረች። ጥቁሮቹ አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። መሪያቸው ኪንግ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡሱ ሂሳብ፣ በ10 ሳንቲም መጫን ጀመሩ። ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች የሚያስከፍለውን እቀጣለሁ ሲል ባለ መኪናው ሁሉ ተደራጅቶ ሰው ማመላለስ ያዘ።

የቤንዚኑስ? ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዶሮ ሳንድዊችና ኬክ እየሸጠች ታዋጣ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ሲሏት መልሷ «ከየትም» ነው። የሴቶቹ ስም ከታወቀ ከሥራ ይባረራሉና። እድር ያሳደገን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም።

በጃንዋሪ 1956 የኪንግ ቤት በረንዳ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ውስጥ ነበሩ። የተቆጣ ሕዝብ፣ ገሚሱ መሣሪያ ይዞ፣ ደጁን ሞላው። እሱ ግን ወጥቶ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ አላቸው። ገቡም። እኔ ከንግግሮቹ ሁሉ ይህን ምሽት አስበልጣለሁ። 381 ቀን ታግለው በፍርድ ቤት አሸነፉ፤ የአውቶቡሱ መድልዎ ቀረ።

አትላንታ ያላችሁ ልጆቻችሁን ኪንግ ወዳገለገለበት ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያንና ወደ መቃብሩ ውሰዷቸው። ሌላ ከተማ ያላችሁ በኪንግ ቀን ሰፈራችሁ ያለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጎራ በሉ። ያን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋቸው። ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ ለምርጫ ሳትመዘገቡ እንዳትቀሩ።